ለእንግዳው የማይሰጠው ወረቀት

ጠጋ በሉ፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምነግራችሁ።

በባሌ ተራሮች የአንድ ቀን የመኪና ጉዞ ስናዘጋጅ ወረቀቱ ሁለት ነው። አንደኛው ያማረ ነው፤ ፎቶ አለው፣ ለእንግዳው ይሰጣል። «ጎባ፣ ሳነቲ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ሐረና ጫካ፣ ጎባ» ይላል። ሁለተኛው ታጥፎ ሹፌሩ ኪስ ውስጥ ይውላል። እሱ ላይ ፎቶ የለም፣ ኪሎ ሜትርም የለም። ሰዓት ብቻ ነው ያለው። ቀኑ የሚሄደው በእሱ ነው። ዛሬ እሱን ላሳያችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንነጋገር። «ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን» የሚላችሁ ካለ አትስሙት። የባሌ ተራሮች ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ እንኳ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የአንድ ቀን ጉዞ የሚባለው ጎባ ወይም ሮቤ አድሮ የሚነሳ ሰው ጉዞ ነው። ማደሩ ደግሞ ለድካም ብቻ አይምሰላችሁ። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሳነቲ አምባ 4,000 ሜትር ይደርሳል፣ አልፎም ይሄዳል። መኪናው ይህን ዳገት እያጓራ ይጨርሰዋል። የሰው ጭንቅላት ግን ከመኪና እኩል አይወጣም።

ከፍታውን መጀመሪያ የሚናገረው ማን መሰላችሁ? የኋላ ወንበር ላይ የተጣለው የቺፕስ ከረጢት! የውጭው አየር እየሳሳ ሲሄድ ሊፈነዳ እስኪደርስ ይነፋል። የቆየ ሹፌር በመስታወት ያንን ሲያይ ምንም ሳይናገር የውሃ ጠርሙስ ወደ ኋላ ያቀብላል። ከመኪና ወርዶ ለፎቶ ሊሮጥ የሚያኮበኩብ ጎረምሳ ካለም በጨዋታ ይዞ ያቆየዋል። አሁን ምክንያቱን አወቃችሁ።

ሁለተኛው ምስጢር የሚሠራው እናንተ እራት ላይ ስትሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት ሹፌሩ ጎባ ከተማ ውስጥ ይሽከረከራል። ናፍታ የሚሞላው ማታ ነው፤ ጠዋት ማደያ ሄዶ ሰልፍ ካገኘ ቀኑ ሄደ። ከጎባ ወጥታችሁ ወደ ሐረና ስትወርዱ ደግሞ ማደያ አገኛለሁ ብላችሁ እንዳታስቡ። ከዚያ ጎሚስታ ጋ ይሄዳል። ስኮርታውን አውርዶ ነፋሱን ያስለካል፤ መኪናው ላይ ተሰቅሎ ባዶ የሆነ ስኮርታ ብዙ ጉዞ አበላሽቷል። ክሪኩ ከነእጀታው መኖሩን ያያል። ከወንበር ስር አንዲት ጣውላ ካያችሁ ዕቃ ተረሳ ብላችሁ እንዳትጥሏት። ረግረግ መሬት ላይ ክሪኩ የሚቆመው በእሷ ነው።

ደንበኞቻችን ሲደውሉ የሚጠይቁት የመኪናውን ሞዴል ነው። እኔ ለራሴ ቤተሰብ መኪና ስይዝ የምጠይቀው የሹፌሩን ስም ነው። እርግጥ መኪናም ያስፈልጋል፤ 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ናፍታ ሞተር ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ግን ጥሩ መኪና በገንዘብ ይገኛል። ሳነቲን የሚያውቅ ሹፌር የሚገኘው በመለመን ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ለእንግዶች «11 ሰዓት ተኩል ቁርስ» ይባላል። የሹፌሩ ወረቀት ላይ የተጻፈው «12 ሰዓት ተኩል መነሻ» ነው። በመካከሉ ያለው ሰዓት የጠፋ ካልሲ መፈለጊያ ነው፤ አስበንበታል። ለምን ይህን ያህል ተጨነቅን? ይኸው፣ የጉዞው ልብ እዚህ ጋ ነው።

እንግዶች ማታ ሲመለሱ «ቀይ ቀበሮ አየን! እንዴት ዕድለኞች ነን!» ይሉናል። ዕድልም አለበት፣ አልክድም። ግን አብዛኛው ዕድል ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር። ቀይ ቀበሮ ከብዙዎቹ የቀበሮና የተኩላ ዘመዶቹ በተለየ በቀን ያድናል፤ ምክንያቱም ምግቡ በቀን ይወጣል። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፤ በተለይም ከባሌ በቀር በዓለም የትም የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈል። በበጋ ሌሊት ሳነቲ ላይ ውርጭ ይጥላል። ፀሐይ መሬቱን ሞቅ ስታደርገው አይጡ ይወጣል፣ ቀበሮውም ይነሳል። ስለዚህ እናንተ እዚያ መድረስ ያለባችሁ ውርጩ እየለቀቀ ሳለ ነው። አርፍዶ የሚመጣ መኪና የሚያገኘው ጅብራና ነፋስ ነው። ጅብራም ውብ ነው፣ ግን ለእሱ ብሎ በሌሊት የሚነሳ የለም።

ሹፌሩ ቀበሮውን የሚፈልገው እንዴት እንደሆነስ ታውቃላችሁ? ቀበሮ አይፈልግም። ትንሽ ቡናማ ወፍ ነው የሚፈልገው። ግዙፉ ፍልፈል ጉድጓዱ አፍ ላይ ሆኖ ሣር ሲግጥ ያቺ ወፍ አጠገቡ ታርፋለች። ወፏ ካለች ፍልፈል አለ። ፍልፈል ካለ ቀበሮ ሩቅ አይደለም። ሹፌሩ «እዚህ ትንሽ እንቁም» ሲላችሁ ደክሞት አይደለም።

ሌላም አለ። መንገድ ላይ እረኛ ሲያገኝ መስኮቱን አውርዶ «አካም ቡልታን!» ይላል። ከዚያ የከብቱን ጤና፣ የቤተሰቡን ደኅንነት፣ የዝናቡን ነገር ይጠይቃል። እናንተ ሰዓት ታያላችሁ። ቀበሮው ጠዋት በየት በኩል እንዳለፈ የሚነገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እረኞቹ ያውቃሉ፤ ቀበሮ አይጦቹ እንዳያዩት በከብቱ መካከል ተደብቆ ሲያድን በየቀኑ ያዩታል። ከሰኔ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ከመጣችሁ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ፈልጉ፦ ቀይና ቢጫ ሆኖ ቀጥ ብሎ የቆመ አበባ። ቀበሮዎቹ የአበባውን ማር ሲልሱ ተመራማሪዎች አይተው በ2024 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል።

ቀበሮው ሲታይ ከመኪና አትውረዱ። መኪና ለምዷል፤ በእግሩ የመጣ ሰው ግን ያስደነግጠዋል። በሩን ሳትከፍቱ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ ብዙ ጊዜ ራሱ ይቀርባል።

ቱሉ ዲምቱ ላይ ብዙ አልቆይም። 4,377 ሜትር ነው፣ መኪና እስከ ጫፉ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ያለው የአንቴና ማማ ነው። ጉም ከሌለ ውጡ። ጉም ካለ ሹፌሩ «ይቅር» ሲል እሺ በሉት።

ምሳውን እዚያ ላይ እንዳትከፍቱት! አስጎብኚው «ውብ ቦታ አውቃለሁ» ብሎ ወደ ደቡብ ሲያወርዳችሁ ቦታው ውብ መሆኑ እውነት ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ራስ ምታታችሁ ነው። አምባው ድንገት ያልቅና መንገዱ ተጠማዞ ወደ ሐረና ይዘቀዘቃል። ይህን ቁልቁለት ሹፌሩ በከባድ ማርሽ መውረድ አለበት። ፍሬን ላይ ብቻ ተደግፎ የሚወርድ ከሆነና የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ አስቁሙት፣ ፍሬኑ ይቀዝቅዝ። መጀመሪያ አስታ፣ ቀጥሎ የዛፍ ሽበት የተንዠረገገበት ኮሶ ይቀበላችኋል። ሪራ መንደር ስትደርሱ መተንፈስ ይቀላል፤ ስትወጡ ዝም ብሎ የነበረው ሰው ሁሉ ወሬ ይጀምራል። የዱር ቡና የሚበቅለው ከዚያ ዝቅ ብሎ ነው፤ ማሩም የጫካ ማር ነው፣ ግዙ።

ግን 8 ሰዓት ሲሆን ተነሱ። ሹፌሩ ወረቀት ላይ ከስሩ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ሰዓት ይህ ነው። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከሐረና በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ ጉም ውስጥ በጨለማ ሳነቲን መሻገር የማንም ፕሮግራም ላይ መኖር የለበትም።

አንድ የቀረኝ አለ፤ ይህን ከፍ ባለ ድምፅ እናገረዋለሁ። የምሳችሁን አጥንት ይዛችሁ ተመለሱ። አጥንት ውሻ ይጠራል፣ ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣል፤ በዚህ በሽታ ባሌ ላይ ቀበሮዎች በመንጋ አልቀዋል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክትባቱ በሥጋ ውስጥ ተደብቆ ይሰጣቸዋል፤ ያን ሥጋ ሌሊት በየአምባው የሚያድሉ ሰዎች አሉ። ፓርኩ በ2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆኗል፣ እንኳን ደስ አለን። መንገዱ ላይ ግን አሁንም ፈጥኖ የሚነዳ መኪና ቀበሮ ይገጫል። በዓለም የቀሩት 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ናቸው። ሹፌራችሁ ሳነቲ ላይ ቀስ ሲል አታጣድፉት። ከፈጠነ ደግሞ ትከሻውን ነካ አድርጉና «ወንድሜ፣ ቀስ» በሉት።