በረባሶ በረጅሙ የተራራ ሩጫ

በረባሶ ካረጀ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራ ክፍት ጫማ ነው። አንድ ጠፍጣፋ ሶል፣ የእግርን ጀርባ የሚይዙ አንድ ወይም ሁለት ጥብጣቦች፣ ተረከዝን ከኋላ የሚያቅፍ አንድ ማሰሪያ፤ ከዚህ የዘለለ ክፍል የለውም። በሰሜን ሸዋ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሰው ለዘመናት በባዶ እግሩ ሲወጣ ሲወርደው የኖረውን ተራራ፣ መኪና አገር ውስጥ ገብቶ ያረጀ ጎማ ገበያ ላይ መታየት ከጀመረ ወዲህ በበረባሶ ሲመላለስበት ቆይቷል። ዛሬ ኮንጎ የሚባለው የፕላስቲክ ጫማና የሸራ ጫማ ብዙውን ቦታ ወስደውበታል። በሌላው ዓለም የተራራ ሯጮች ዘንድ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ከበረባሶ ጋር በአሠራርም በአገልግሎትም የሚመሳሰል ቀጭን ሰንደል 50፣ 80 አልፎም 160 ኪሎ ሜትር የሚሮጥበት ጫማ ሆኗል።

አልትራ ማራቶን የሚባለው ከ42.195 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሩጫ ሁሉ ነው። ከፊሉ በአስፋልት ላይ ይካሄዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1921 የተጀመረው 90 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የደቡብ አፍሪካው ኮምሬድስ ለዚህ ምሳሌ ነው። ሌላው በእግር መንገድ፣ በድንጋይ፣ በጫካና በገደል አፋፍ ላይ የሚሮጥ ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በስዊዘርላንድ ድንበር ላይ በሞን ብላን ተራራ ዙሪያ የሚካሄደው ውድድር ወደ 170 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ የአቀበቱ ድምር ብቻ 10,000 ሜትር ያህል ነው። የኢትዮጵያ ሯጮች ስማቸውን የተከሉት በትራክ፣ በጎዳናና በአገር አቋራጭ ቢሆንም ከማራቶን ያለፈው ርቀት እንግዳቸው አይደለም። ከተማ ነጋሳ በግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ 50 ኪሎ ሜትርን በ2 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሮጦ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። የተራራው አልትራ ግን ገና ብዙ ያልተነካ መስክ ነው፤ የሰሜን ሸዋን መልክዓ ምድር ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስቆጭ ነው።

የበረባሶ ሥራ የሚጀምረው ጎማ ከመምረጥ ነው። ውስጡ በናይለን ክር የተጠናከረ ጎማ በስለታም ቢላዋ ይቆረጣል። በብረት ሽቦ የታሰረው አዲሱ ዓይነት ግን ስለትን ያበላሻል፤ ሽቦው በጊዜ ብዛት ብቅ ብሎ እግር ይወጋል። ስለዚህ ባለሙያው ሽቦ ያለበትን ክፍል ይተዋል። ላስቲክ ደረቅ ስለት ስለሚይዝ ቢላዋው በየመሐሉ ውኃ ይነከራል። ሶሉ የሚቆረጠው የጎማውን ዙሪያ ተከትሎ ሲሆን እግር የሚያርፈው በጎማው የውስጥ ፊት ላይ ነው፤ በዚህ ምክንያት የጣቱና የተረከዙ ጫፍ በትንሹ ወደ ላይ ይቀናሉ። የጭነት መኪና ጎማ ክቡ ሰፊ ስለሆነ ጠፍጠፍ ያለ ሶል ይወጣዋል፤ የትንሽ መኪና ጎማ የበለጠ ይጎብጣል። መሬት የሚነካው የጎማው ጥርስ ያለበት ፊት ነው፤ ጨርሶ ካላለቀ እርጥብ ድንጋይ ላይ ይይዛል። ማሰሪያዎቹ ከጎማው ቀጭን ክፍል ወይም ከመነዳሪ ከሚባለው የውስጥ ላስቲክ ይቆረጡና በሶሉ ጠርዝ በትንንሽ ምስማር ይመታሉ፤ አለዚያም በተሰነጠቀ ቀዳዳ ያልፋሉ። ለሯጭ ሁለተኛው አሠራር ይሻላል። ምስማር ከብዙ ሰዓት እጥፋትና መዘርጋት በኋላ ሊላቀቅ ይችላል፤ በቀዳዳ ያለፈ ማሰሪያ ግን ቢበጠስ እንኳ መንገድ ላይ በሌላ ይተካል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ያረጀ ዕቃ ወደ አዲስ አገልግሎት በሚለወጥበት ግቢ ሁሉ ጎማ ለዚህ ሥራ ሲቆረጥ ኖሯል።

የዚህ ጫማ ትልቁ ባሕርይ የሌለው ነገር ነው። የተለመደው የሩጫ ጫማ ከተረከዝ በታች ወፍራም ስፖንጅ አለው፤ የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጎዳና ውድድር የፈቀደው ውፍረት እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ለሩጫ የሚቆረጥ ሰንደል አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ተረከዙና ጣቱም በእኩል ከፍታ ላይ ይቆማሉ። ስፖንጅ የለምና ተረከዙን አስቀድሞ እየጣለ የሚሮጥ ሰው እያንዳንዱ እርምጃ እስከ ጉልበቱ ይሰማዋል። በዚህ የተነሳ ሰውነት ሳይታዘዝ እርምጃውን ያሳጥራል፣ ጉልበቱን ያጥፋል፣ በእግሩ መሐል ወይም በፊተኛው ክፍል ማረፍ ይጀምራል። ጣቶቹ ስላልታሰሩ ተዘርግተው መሬቱን ይይዛሉ። ውስጥ እግር ድንጋዩን ስለሚያውቀው ሯጩ ሳያይ ክብደቱን ያዘዋውራል። ቁልቁለት ላይ ይህ ስሜት ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ወፍራም ሶል ላይ የቆመ እግር ከመሬት ስለሚርቅ ቁርጭምጭሚትን በቀላሉ ያዞራል።

በመንዝ የመሐል ሜዳ ከተማ ዙሪያ እንዲህ ያለ ጫማ የሚፈተንበት አገር ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ እዚያ የሚተነፈሰው ኦክስጅን በባሕር ወለል ካለው በሲሶ ገደማ ያንሳል። አጠገቡ ያለው የጓሳ ሣር ሜዳ ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ከፍ ይላል። ወደ ምዕራብ የአዳባይና የወንጪት ሸለቆዎች መንዝን ከመርሐቤቴ ይለያሉ፤ ውኃቸው በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከደጋው ገብስ ማሳ ተነሥቶ ወንዝ ተሻግሮ ማዶ የወጣ መንገደኛ በአንድ ጉዞ ደጋን፣ ወይና ደጋንና ቆላን ይረግጣል። የእግር መንገዱ በጥቁር ድንጋይ የተሞላ ነው፤ ቆላ ሲቃረብ እሾህ ይበዛል። ለእሾሁ የጎማ ሶል አቻ የለውም፤ ብዙ ዘመናዊ ቀጭን ሶሎች የግራር እሾህ ያልፋቸዋል፣ በረባሶን ግን በቀላሉ አያልፈውም።

ጓሳ ለሩጫ የሚመኙት ቦታ ቢሆንም ባለቤት አለው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአካባቢው ሕዝብ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ከልክሎ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ እያጨደ ጠብቆታል። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ዛሬም እዚያ የሚታዩት በዚህ ጥበቃ ነው። ወደፊት ሩጫ ቢዘጋጅበት እንኳ መንገዱን የሚወስነው ይህ ማኅበረሰብ መሆን ይኖርበታል።

በስፖርት ዓለም በቀላል ጫማ ወይም ያለ ጫማ ስለመሮጥ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሣው አበበ ቢቂላ ነው፤ የትውልድ ቦታው ጃቶ ከደብረ ብርሃን ብዙም አትርቅም። መስከረም 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የቀረበለት ጫማ ስላልተስማማው በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2:15:16.2 አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2:12:11.2 ደገመው። ሁለቱ ድሎች አንድ ላይ ሲታዩ ፈጣን የሚያደርገው ባዶ እግር ነው ብሎ መደምደም እንደማይቻል ያሳያሉ። በልጅነቱ በደጋ ላይ የተገነባ እግር ግን ጫማ ባጣ ጊዜም 42 ኪሎ ሜትርን በሮም ጎዳና ላይ ችሏል።

የጎማ ሰንደልን ወደ አልትራ ያስገቡት ግን በሰሜን ሜክሲኮ የመዳብ ሸለቆ በሚባለው ገደላማ አገር የሚኖሩት ራራሙሪዎች ናቸው፤ ሌሎች ታራሁማራ ይሏቸዋል። ጫማቸው ከጎማ የተቆረጠ ሶልና በጣት መሐል አልፎ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚጠመጠም የቆዳ ክር ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኮሎራዶ ሌድቪል በተባለች ከተማ በሚካሄደው የ100 ማይል ውድድር ቀረቡ። የውድድሩ ከፍታ ከመንዝ ጋር ይስተካከላል፤ መነሻው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የ55 ዓመቱ ቪክቶሪያኖ ቹሮ አንደኛ ወጣ፤ የእሱ ወገን የሆነ ሌላ ሯጭም ተከተለው። በዓመቱ ሁዋን ኤሬራ ርቀቱን በ17 ሰዓት ተኩል ጨርሶ አሸነፈ። ስኮት ጁሬክ የተባለው ታዋቂ አሜሪካዊ የአልትራ ሯጭ ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. ወደ ሸለቆው ወርዶ በሰንደል በሮጠው በአርኑልፎ ኪማሬ ተሸነፈ። ክሪስቶፈር ማክዱጋል በ2009 እ.ኤ.አ. ይህን ታሪክ በመጽሐፍ ሲያወጣው በብዙ አገር ሰው ጫማውን እየጣለ ሰንደል ማሰር ጀመረ፤ ሰንደል የሚሠሩ ድርጅቶችም ተቋቋሙ። ማሪያ ሎሬና ራሚሬዝ የተባለች ራራሙሪ በ2017 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ፑብላ ውስጥ የ50 ኪሎ ሜትር ውድድርን በቀሚስና በጎማ ሰንደል አሸንፋ፣ ቀጥሎ ውቅያኖስ ተሻግራ በስፔን ቴኔሪፍ ደሴት በተራራ አልትራ ተወዳድራለች።

ሳይንሱ ከወሬው የበለጠ ጥንቃቄ ያደርጋል። የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት በባዶ እግር መሮጥ የለመዱ ሰዎች በእግራቸው ፊት ስለሚያርፉ ተረከዝን የሚመታው ድንገተኛ ግፊት እንደማይታይባቸው አሳይተዋል። በኋላም ራሱ ሊበርማን ሰንደል የሚያደርጉ ራራሙሪዎች የእግር ቅስታቸው ጠንካራ መሆኑን አይቷል። ከዚህ ተነሥቶ ሰንደል ጉዳትን ያጠፋል ማለት ግን አይቻልም። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት በቀጭን ጫማ ለመሮጥ 10 ሳምንት ከሞከሩ 19 ሯጮች መካከል 10ሩ የእግር አጥንታቸው ውስጥ የጫና ምልክት እንደታየባቸው መዝግቧል። ባለ አምስት ጣት ጫማ የሚሠራው ቪብራም ኩባንያ ጫማው እግር ያጠነክራል ብሎ በማስተዋወቁ ተከሶ በ2014 እ.ኤ.አ. ክሱን በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ዘግቷል። የራራሙሪውንም ሆነ የመንዙን እግር የሠራው የልጅነት ዘመን ሙሉ ነው። ወፍራም ጫማ የለመደ ባትና የተረከዝ ጅማት የሰንደልን ጫና በጥቂት ሳምንት አይሸከሙም፤ መጀመሪያ ሰንደሉን አድርጎ መሄድ፣ ከዚያ አጭር ርቀት መሮጥ፣ ርቀቱንም በወራት እየጨመሩ መቀጠል ያስፈልጋል።

በረባሶ የማይመችበት ቦታም አለ። ክረምት ላይ መረሬ አፈር ከሶሉ ሥር እየተጠቀለለ ይከብዳል፤ እግርም በላብና በጭቃ ሶሉ ላይ ይንሸራተታል። ከኅዳር እስከ ጥር የደጋው ሌሊት ውርጭ ስለሚያወርድ ከንጋት በፊት የሚነሣ ሯጭ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ የሱፍ ካልሲ ለዚህ ይረዳል። ጠጠር በጎን ይገባል፤ ማሰሪያውም እርጥብ ሲሆን የእግርን ጀርባ ቆዳ ይልጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የጤና ጉዳይ ነው። ዝናብ በሚበዛባቸው የኢትዮጵያ ደጋዎች በቀይ አፈር ላይ ያለ ጫማ የሚሄዱ ሰዎች ዝሆኔ ለሚባለው የእግር እብጠት ይጋለጣሉ፤ በበሽታው የተያዙት በአገሪቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። በሽታውን የሚከላከለው እግርን የሚሸፍን ጫማና ዕለታዊ እጥበት ነው። ክፍት ጫማ እግርን ከአፈር ስለማይለይ በረባሶ ለሩጫና ለመንገድ ይበቃል እንጂ ለዕለታዊ እርሻ ሥራ የተሸፈነው ጫማ ይመረጣል፤ ከሩጫ በኋላም እግርን በሳሙና መታጠብ ግድ ነው።

በሰንደል ለመወዳደር ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሯጭ አስቀድሞ የውድድሩን ደንብ ማንበብ አለበት። በትራክና በጎዳና የዓለም አትሌቲክስ ደንብ በባዶ እግር መሮጥን እንኳ ይፈቅዳል። የተራራ ውድድር አዘጋጆች ግን የራሳቸው ግዴታ አላቸው፤ የራስ መብራት፣ ፊሽካ፣ የዝናብ ልብስ፣ የተወሰነ ውኃ፣ አንዳንዴም የጫማ ዓይነት ይጠይቃሉ። የአውሮፓ ተራሮች በበጋ እንኳ በረዶ ይይዛሉ፤ እርጥብ ሣራቸውና ጭቃቸው ከደረቁ የጥር የመንዝ መሬት ጋር አይገናኝም። ጥርሱ ያለቀ ጎማ እዚያ አደጋ ነው። ሶሉ ከሯጩ ጋር ቢያንስ የአንድ ሙሉ ረጅም ልምምድ ዕድሜ ሊኖረው ይገባል፤ ለውድድር ቀን አዲስ የተቆረጠ ማሰሪያ ቆዳ ይበላል። ትርፍ ማሰሪያ፣ ትንሽ ቢላዋና የቁስል ፕላስተር ክብደታቸው ከቁጥር አይገባም፤ ቢላዋው በአውሮፕላን ጉዞ የእጅ ሻንጣ ውስጥ መግባት ስለማይችል በሚጫነው ሻንጣ ይሂድ።

በረባሶ በንግዱም ዓለም መንገድ አግኝቷል። ቤተልሔም ጥላሁን በአዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ ሰፈር ያቋቋመችው ሶል ሬብልስ በዚሁ የጎማ ሶል ጥበብ ላይ ተመሥርቶ ጫማ ወደ ብዙ አገር ልኳል። ለተራራ አልትራ ተብሎ የተሠራ የኢትዮጵያ በረባሶ ግን ቢኖር ገበያ የሚያጣ አይመስልም፤ ሥራውን የሚያውቁ እጆች አሉ፣ መፈተኛው ተራራም በደጅ ነው። እስከዚያው ድረስ የመጀመሪያ አልትራውን በሰንደል ለመሮጥ ያሰበ ሰው 50 ኪሎ ሜትር ይምረጥ፣ ደረቅ ወቅት ይምረጥ፣ በሰንደሉም ከውድድሩ በፊት ቁልቁለት ደጋግሞ ይውረድበት።