ጠረፍ በምናባዊ የሚና ጨዋታ፦ ከመተማና ከቋራ ቆላ አንጻር ሲታይ

በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄደው ምናባዊ የሚና ጨዋታ ከሌሎች ጨዋታዎች የሚለየው አሸናፊና ተሸናፊ ሳይኖረው ለወራት መቀጠል በመቻሉ ነው። አንድ ሰው የጨዋታው መሪ ሆኖ ምድሩን፣ ነዋሪዎቹንና የሚያጋጥመውን አደጋ በቃል ይገልጻል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። ውጤቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ተጥሎ ይወሰናል።

የጨዋታው ሥር የጦር ልምምድ ነው። የፕሩሺያው መኮንን ፎን ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1824 ባሳተመው የጦር ጨዋታ ተጋጣሚዎቹ ትእዛዛቸውን ለአንድ ዳኛ ያቀርቡ ነበር፤ ዳኛውም በዳይስና በሠንጠረዥ እየታገዘ ውጤቱን ይነግራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ»ን ሲያሳትሙ ተጫዋቹ ሠራዊት ማዘዙን ትቶ የአንድን ሰው ዕጣ የሚመራ ሆነ፤ ዳኛው ደግሞ ዓለሙን የሚተርክ መሪ ሆነ። በቃል ብቻ ዓለም የመፍጠር ስምምነት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። እንቆቅልሹን መፍታት ያቃተው ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል ጎንደርን ወይም ሌላ ከተማ ይሰጣል። ከተማው ከቦታው ባይነቃነቅም መሰጠቱን ግን ሁሉም ተቀብለው ጨዋታው ይቀጥላል።

መሪው የሚገልጸው ምድር ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ጋይጋክስ ጽፎት እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው «ዘ ኪፕ ኦን ዘ ቦርደርላንድስ»፣ ማለትም የጠረፉ ምሽግ፣ ከጀማሪዎች ሣጥን ጋር አብሮ ይሸጥ ስለነበር ለብዙ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጀብዱ ሆኗል። የሚያቀርበው መልክዓ ምድር ግልጽ ነው። በአንድ ወገን ሥርዓት ያለው ምሽግ ይገኛል፤ በሌላው ወገን ጎብሊን፣ ኦርክና ሌሎች ፍጡራን የየራሳቸውን ዋሻ ይዘው የሚኖሩበት ሸለቆ አለ። የተጫዋቾቹ ሥራ ከምሽጉ ወጥቶ ዋሻዎቹን መውረር፣ ሀብት ይዞም መመለስ ነው። በዚህ አቀራረብ ጠረፍ ማለት ሥርዓት የሚያበቃበት መስመር ነው፤ ከመስመሩ ማዶ ያለው ሁሉ ስጋት ወይም ምርኮ ይሆናል።

የምዕራብ ጎንደር ቆላ ታሪክ ግን ሌላ ዓይነት ጠረፍ ያሳያል። መተማ ከጎንደር ወደ ስናር በሚወስደው የንግድ መንገድ ላይ ያደገ ገበያ ነበር። ከደጋ ቡና፣ ሰም፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ፣ እንዲሁም በባርነት የሚሸጡ ሰዎች ይወርዱበት ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገበያውን የሚመሩት ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር በኩል መጥተው የሰፈሩት ተክሩሮች ነበሩ። ሼኮቻቸውም በአንድ ወገን ለኢትዮጵያ ገዥዎች፣ በሌላ ወገን ሱዳንን ለያዘው የግብፅ መንግሥት ይገብሩ ነበር። ለሁለት ጌታ መገበር የጠረፍ ኑሮ ስልት ነበር፤ ገበያው ክፍት ሆኖ የሚቆየው ሁለቱም ወገኖች ሲፈልጉት ነው።

ምሽጉን ከውጭ የማየት አጋጣሚም በዚሁ ምድር ታሪክ ውስጥ አለ። በኋላ ዓፄ ቴዎድሮስ የተባሉት የቋራው ካሳ ኃይሉ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ መድፍ ይዞ የመሸገውን የግብፅ ጦር አጥቅተው ተሸነፉ። በጋይጋክስ ካርታ ሲታይ ካሳ ከዋሻው ወገን የወጡ ሽፍታ ናቸው፤ በቋራ በኩል ሲታይ ግን የታሪኩ ዋና ባለቤት ናቸው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1847 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ጭነዋል። በመሆኑም «ምሽግ» እና «ዋሻ» የሚሉት ስያሜዎች ተመልካቹ ከቆመበት ቦታ የሚመነጩ እንጂ የምድሩ ጠባዮች አይደሉም።

የጨዋታው ሕግ ራሱ ከዚህ ንባብ ጋር አይጋጭም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የጀማሪዎች ሕግ እንግዳ ፍጡር ሲያጋጥም መሪው ባለ ስድስት ገጽ ሁለት ዳይሶችን ጥሎ የፍጡሩን ስሜት እንዲወስን ይፈቅዳል። ፍጡሩ ወዲያውኑ የሚያጠቃው ድምሩ 2 ሲሆን ነው፤ ይህም ከ36 ዕድሎች አንዱ ብቻ ነው። ከ6 እስከ 8 የሚደርሰው ድምር፣ ማለትም ከ36ቱ 16ቱ፣ ፍጡሩ ገና አለመወሰኑን ያመለክታል። ለተጫዋቾች የሚሰጠው የልምድ ነጥብም በአብዛኛው የሚገኘው ከተገደለው ፍጡር ሳይሆን ከተገኘው ሀብት ነው። ስለዚህ ሕጉ ድርድርን፣ ማለፊያ መክፈልንና መሸሽን እንደ ውጊያው ሁሉ ያስተናግዳል። ጠረፉን የጦር ሜዳ ብቻ የሚያደርገው ካርታው ነው፤ ካርታውንም መሪው ሊለውጠው ይችላል።

ከዚህ በመነሣት የቋራንና የመተማን ቆላ መነሻ አድርጎ ጨዋታ የሚመራ ሰው ሦስት ውሳኔዎች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው ስም ነው። በምሽጉ ጀብዱ ካህኑም ሆነ ነጋዴው በሥራው እንጂ በስሙ አይጠራም። ከማዶ ያለው ሰው ስም፣ ቤተሰብና ዕዳ ሲኖረው ግን ተጫዋቹ ሰይፍ ከመምዘዙ በፊት የሚያመዛዝነው ነገር ያገኛል። ሁለተኛው ወቅት ነው። የገለጉ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ወደ ሱዳኑ ድንድር ይወርዳል፤ በበጋ ይደርቃል። የሰሊጥና የጥጥ እርሻው ጊዜውን ጠብቆ ሳሉግ የሚባሉትን የቀን ሠራተኞች ከደጋ ይስባል። መንገዱ መቼ እንደሚከፈትና ውኃ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ መሪ ጭራቅ ሳይጨምርም ከባድ ምርጫ ሊያቀርብ ይችላል። ሦስተኛው ግብር ነው። ተጫዋቾቹ ለሁለት ገዥዎች የሚገብር የገበያ ሹም ሲያጋጥማቸው «ጠላት ነው ወይስ ወዳጅ?» የሚለው ጥያቄ አይበቃቸውም፤ ሹሙ ዛሬ የሚፈራው ማንን እንደሆነ መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይም አለ። በቋራ ጉሙዝ፣ አገውና አማራ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት መተማ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ከሱዳን ጦርነት የሚሸሹ ሰዎች የሚገቡበት በር ሆኗል። ሕያው ሕዝብን በጭራቅ አምሳል ማቅረብ፣ በስም ባይጠቅሰውም፣ ከጠረጴዛው ሲነሡ የሚቀር ነገር አይደለም። «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ «ዘር» የሚለውን ስያሜ ትቶ «ዝርያ» በሚል ተክቶታል። ሆኖም የቃል ለውጥ የካርታውን አሠራር አይለውጥም፤ ዋሻው በወገን ተከፋፍሎ እስከ ቀረበ ድረስ ተጫዋቹ የሚማረው ያንኑ ነው።

ጨዋታው ለታሪክና ለሥነ ቃል ተመራማሪዎች የሚኖረው ጥቅም ከዚህ ይመነጫል። የመተማን ታሪክ ያነበበ ተማሪ የተክሩሩ ሼክ ለሁለት ወገን ይገብር እንደነበር ይረዳል። የሼኩን ሚና ይዞ ሁለት ግብር ሰብሳቢዎች በአንድ የገበያ ቀን የደረሱበት ተማሪ ደግሞ ለማን አስቀድሞ እንደሚከፍል፣ ጎተራውን ለማን እንደሚያሳይ፣ ልጁን በመያዣነት ለማን እንደሚሰጥ መወሰን ግድ ይሆንበታል። ውሳኔው ታሪካዊ ማስረጃ ባይሆንም፣ ማስረጃውን መልሶ ሲያነብ ቀድሞ ያላሰበውን ጥያቄ ይዞ እንዲቀርብ ያደርገዋል።