መንጋ ጠባቂ ውሾችና የአደራ ቤቶቻቸው

ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ በበግም በፍየልም ብዛት ቀዳሚዋ ቴክሳስ ናት። ከሳን አንቶኒዮ በስተምዕራብ በተንጣለለው የኤድዋርድስ አምባ ላይ ከብት የሚያረባ ሰው ዋና ጠላቱ ኮዮት ነው፤ ከቀበሮ የሚተልቅ፣ ከተኩላ የሚያንስ፣ ሌሊቱን ሙሉ በረት ዙሪያ ሲያንዣብብ የሚያድር አውሬ። ለብዙ ዘመን መከላከያው መርዝና ወጥመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የፌደራሉ መንግሥት ለአውሬ መግደያ የሚውሉ ዋና ዋና መርዞችን ሲያግድ ግን አርቢዎቹ ሌላ ዘዴ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ያገኙትም የአውሮፓና የእስያ እረኞች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁትን መንጋ ጠባቂ ውሻ ነው።

በማሳቹሴትስ የሃምፕሻየር ኮሌጅ ተመራማሪዎች የነበሩት ሬይመንድና ሎርና ኮፒንጀር በዚያው በ1970ዎቹ ከጣሊያን፣ ከዩጎዝላቪያና ከቱርክ ቡችሎች አስመጥተው ለአሜሪካ ገበሬዎች እየሰጡ ውጤቱን መመዝገብ ጀመሩ። ዛሬ በአገሪቱ በብዛት የሚታዩት ከፈረንሳይና ከስፔን ድንበር ተራሮች የመጣው ነጩ ግሬት ፒሬኒስ፣ የቱርኮቹ አናቶሊያን ሼፐርድና ካንጋል፣ እንዲሁም ጣሊያናዊው ማረማ ናቸው። ወንዱ ፒሬኒስ ከ45 ኪሎ ይጀምራል፤ ሴቷም ብትሆን ከ38 ኪሎ አታንስም።

እነዚህ ውሾች ከሌሎቹ የሚለዩት በግዝፈታቸው ብቻ አይደለም። በግ የሚነዳ ውሻ የእረኛውን ፉጨትና የእጁን ምልክት ይጠብቃል። ጠባቂው ውሻ ግን ጌታው ቤቱ ገብቶ ሲተኛ ብቻውን ከመንጋው ጋር የሚያድር ነው፤ ማንን መጠርጠር፣ መቼ መጮህ፣ መቼ መዋጋት እንዳለበት የሚወስነው ራሱ ነው። ቀን ያንቀላፋል፣ ሌሊት ይነቃል። በጩኸቱ ገና ከሩቅ ያስጠነቅቃል፤ አጥር ካልያዘው ደግሞ የክልሉን ዳርቻ እያሰፋ ይሄዳል። በባሌ ተራሮች መንጋውን ከጅብ የሚያስጠብቅ እረኛ ይህን ጠባይ ለማወቅ አስረጂ አያስፈልገውም።

በ2022 መጨረሻ በጆርጂያ ግዛት፣ በዲኬተር ከተማ ካስፐር የተባለ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ፒሬኒስ በጎቹን ሊበሉ ከመጡ 11 ኮዮቶች ጋር ተናንቆ ስምንቱን መግደሉ በመላው አሜሪካ ተዘግቦ ነበር። ካስፐር ከፍልሚያው በኋላ ለሁለት ቀን ያህል ተሰውሮ ቆየ። ቆዳው ተገሽልጦ፣ ከጭራው ተቆርጦ ተመለሰ፤ ለሕክምናውም ከየአቅጣጫው ገንዘብ ተዋጣለት። አገር ያደነቀው ይህ ጠባይ ግን ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዙ ቤቶች መሀል ሲገኝ የጎረቤት ክስ ያስከትላል። በውሻው በኩል የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው ቦታው ነው።

ወደ መጠለያ የሚያደርሰው መንገድ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከእርሻው ነው። ብዙ አርቢዎች ውሾቻቸውን አያስመክኑም። አንዲት እናት በአንድ ጊዜ ስምንትና ዘጠኝ ቡችላ ልትወልድ ትችላለች፣ መንጋው ግን ይህን ሁሉ ጠባቂ አይፈልግም። የተረፉት በነጻ ወይም በጥቂት ዶላር ይታደላሉ። የሁለት ወር ፒሬኒስ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ነጭ ኳስ ስለሆነ፣ ልጆች ያሉት የከተማ ቤተሰብ አይቶት ማለፍ ያቅተዋል። ዓመት ሳይሞላው ያ ቡችላ ግዙፍ ውሻ ይሆናል፤ ሌሊት ይጮኻል፣ አጥር ይዘላል ወይም ከሥሩ ይቆፍራል፣ ሲጠሩት ቆም ብሎ ያስባል። እንዲህ ያሉ ውሾችን ለሚታደጉ ድርጅቶች ከሚደርሱት ጥሪዎች ብዙዎቹ ከስምንት ወር እስከ ሁለት ዓመት ስላለው፣ በጉርምስናው ስለሚገኝ ውሻ የሆኑት ለዚህ ነው። ከእርሻ አጥር ወጥተው ሲባዝኑ የሚያዙትም ጥቂት አይደሉም።

የማዘጋጃ ቤት መጠለያ ለእንዲህ ያለ ውሻ ጨርሶ የማይመች ስፍራ ነው። ባለቤት የሚጠበቅበት ጊዜ እንደ ከተማው ቢለያይም በቴክሳስ ብዙ ቦታ ሦስት ቀን ገደማ ነው። ጊዜው ሲያልቅና ክፍሎቹ ሲሞሉ በመርፌ መግደል ይመጣል። ትልቅ ውሻ አንድ ክፍል ለብቻው ስለሚይዝ ሲጨናነቅ ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። ዕድሜውን ሜዳ ላይ ያሳለፈ ጠባቂ በሲሚንቶና በብረት መሀል፣ በመቶ ውሾች ጩኸት ተከቦ ሲቀመጥ ወይ ጥጉ ውስጥ ተሸጉጦ ምግብ ይተዋል፣ ወይ በሩ ላይ የቆመን ሁሉ ያጉረመርምበታል። ያን ጊዜ ፋይሉ ላይ «ጠበኛ» የሚል ቃል ይሰፍራል። ይህ ቃል የስንቱን ጤናማ ውሻ ነፍስ እንደቀጠፈ ማሰብ ያማል።

የአደራ ቤት አሠራር የተፈጠረው ይህን ችግር ለመሻገር ነው። እንደ ካሮላይና ግሬት ፒሬኒስ ሬስኪው ወይም በናሽቪል እንዳለው ቢግ ፍላፊ ዶግ ሬስኪው ያሉ ማኅበራት ሥራቸው የሚያርፈው በበጎ ፈቃደኞች ላይ ነው። ውሻው በሕግ የማኅበሩ ነው፤ የሚኖረው ግን ቋሚ ባለቤት እስኪገኝለት ድረስ በአንድ ፈቃደኛ ቤተሰብ ቤት ነው። በተለመደው አሠራር ማኅበሩ ሕክምናውን ይከፍላል፤ ቤተሰቡ ቦታውን፣ ጊዜውንና ትዕግሥቱን ይሰጣል። አንዱ መጠለያዎችን በስልክ ይከታተላል፣ አንዱ ውሻውን ሄዶ ያወጣል፣ አንዱ ማመልከቻ ያነባል፣ ሌላው መኪና ይነዳል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታየው ውሻ እውነተኛው ውሻ አይደለም። ልምድ ያላቸው አሳዳጊዎች ለአዲሱ እንግዳ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ይለቁለታል፤ በር ሲከፈት እንዳያመልጥ ሁለት ማሰሪያ ያደርጉለታል፤ ለሁለት ሳምንት ያህል እንግዳ አያስጎበኙትም። ከቤቱ ነባር ውሻ ጋር የሚያስተዋውቁት ሳሎን ውስጥ ሳይሆን ማንም «የእኔ ነው» በማይለው መንገድ ላይ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አራርቆ በማስኬድ ነው። የምግብ ሳህናቸው ይለያያል። ተጠላልፎ ቆዳውን የሚስበው ጸጉር በትዕግሥት ይፈታል፣ ካልሆነም በሐኪም እጅ ይቆረጣል። ከሦስት ሳምንት በኋላ አሳዳጊው የትኛውም የመጠለያ ፋይል የማይነግረውን ያውቃል፦ ድመት ያሳድዳል? ሕፃን ሲያለቅስ ምን ያደርጋል? ዶሮ ይጠብቃል ወይስ ይበላል? ከመጠለያ ማውጣቱ ነፍስ ያድናል፤ ውሻው ዳግም እንዳይጣል የሚያደርገው ግን ይህ እውቀት ነው።

የማኅበራቱን ኪስ የሚያራቁተው ደግሞ የልብ ትል ነው። ትሉ በትንኝ ንክሻ ይተላለፋል፤ አድጎም በልብና በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራል። ሴቷ ትል 30 ሳንቲሜትር ድረስ ትረዝማለች። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ባሉ ሞቃት ግዛቶች ውጪ የሚያድርና በየወሩ መከላከያ ክኒን የማይሰጠው ውሻ ከዚህ በሽታ የማምለጥ ዕድሉ ጠባብ ነው። የአሜሪካ የልብ ትል ማኅበር የሚመክረው ሕክምና በአራት ሳምንት አንቲባዮቲክ ይጀምራል። ሜላርሶሚን የተባለው መድኃኒት በወገብ ጡንቻ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይወጋል፦ አንዱ ለብቻው፣ ሁለቱ ከወር በኋላ በተከታታይ ቀናት። መጠኑ በኪሎ ስለሚሰላ የ50 ኪሎ ውሻ የ10 ኪሎውን አምስት እጥፍ ይወስዳል፤ ወጪውም አብሮ ይወጣል። ከባዱ ነገር ግን ዕረፍቱ ነው። የሞቱ ትሎች ተበጣጥሰው የሳንባን የደም ሥር ሊዘጉ ስለሚችሉ፣ ውሻው ከመጨረሻው መርፌ በኋላም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት መሮጥ የለበትም። ክልሉን ለመቃኘት የተፈጠረን እንስሳ ለወራት በአጭር ማሰሪያ ለሽንት ብቻ እያወጡ መመለስ ቀላል አይደለም። ይህን መጠለያ ሊያደርገው አይችልም፤ ቤት ያስፈልጋል።

የሚተርፈው ውሻውን ከቋሚ ባለቤት ጋር ማዛመድ ነው። አመልካቹ ስለ አጥሩ ቁመት፣ ስለ ጎረቤቱ ርቀት፣ ስለ ቀድሞ እንስሳቱ ይጠየቃል፤ እንስሳቱን የሚያክምለት ሐኪም ዘንድ ይደወላል፤ ቤቱም ይታያል። አንዳንዱ ጥያቄው በዛ ብሎ ይቆጣል፣ ነገር ግን ይህ ጥንቃቄ ትክክል ነው። መንጋ የለመደው ወደ እርሻ ይሄዳል፤ ሰው የለመደውና ሌሊት ቤት ውስጥ የሚያድረው ወደ ከተማ ዳር። ውሻው መክኖ፣ ተከትቦና ማይክሮቺፕ ተደርጎለት ሲሰጥ የሚፈረመው ውል አንድ ጥብቅ አንቀጽ ይዟል፦ ማሳደግ ያልቻለ ሰው ውሻውን ለሌላ መስጠት አይችልም፣ ለማኅበሩ ይመልሳል።

በደቡብ ውሻው ከፈላጊው ይበልጣል፤ በሰሜን ፈላጊ አለ። ስለዚህ ብዙዎቹ በቫን ተጭነው ግዛት ያቋርጣሉ። ለዚህም የሐኪም የጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ማሳቹሴትስ ደግሞ ከሌላ ግዛት የገባን እንዲህ ያለ ውሻ ለ48 ሰዓት ለይቶ ማቆየትን ታስገድዳለች።

የአሠራሩ ትልቁ ድክመት ግልጽ ነው። መዋጮ በዘመቻ ሊሰበሰብ ይችላል፤ ባዶ ክፍል ግን አይገዛም። አምስት ክፍት ቤት ያለው ማኅበር የሚያወጣው አምስት ውሻ ነው፤ ስድስተኛው የትም አይሄድም። ተሸኝተው የማያልቁ ውሾች የሚያደክሟቸው አሳዳጊዎች ያቆማሉ፣ አንዳንዶቹም ያሳደጉትን ራሳቸው ያስቀሩና ለሌላ ቦታ ያጣሉ። አርቢዎቹ ውሾቻቸውን እንዲያስመክኑ ማሳመንና ማገዝ ካልተቻለ ደግሞ ከላይ የሚፈሰው አይቆምም።

በጋርላንድ፣ በዳላስ ወይም በሂዩስተን አጥር ያለው ጓሮ ይዛችሁ የምትኖሩ አንባቢዎች ካላችሁ፣ ውሻ ለዘለዓለም መያዝ ባትችሉም ለሁለት ሳምንት መቀበል ትችሉ ይሆናል። በአካባቢያችሁ ያለ ማኅበር ጋ ደውላችሁ በመጀመሪያ ጤናማና ጸጥተኛ የሆነ ያደገ ውሻ ጠይቁ፤ በቡችላ አትጀምሩ። ጓሮ የሌላችሁም ብትሆኑ መኪና ካላችሁ ውሻውን ከመጠለያ አውጥቶ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል።