የጥንቸል ፀረ እንግዳ አካል የእብድ ውሻን በሽታ የሚያሳይበት መንገድ

በጓሳ ዙሪያ በሚገኙ የመንዝ መንደሮች ውሻ የመንጋ ጠባቂ ነው። ሌሊት ከበጎቹ ጋጥ አጠገብ ያድራል፤ ቀን ከእረኛው ጋር እስከ ጓሳው ሣር ድረስ ይወጣል። ስለዚህ የእብድ ውሻ በሽታ በገባ ጊዜ ሰውንም፣ በጉንም፣ በጓሳው የሚኖረውን ቀይ ቀበሮም ያሰጋል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ በጠቅላላው የቀረውም 500 ገደማ ብቻ ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 በሽታው ከውሾች ወደ ቀበሮዎች ተላልፎ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት አብዛኞቹን በጥቂት ወራት ውስጥ ጨርሷል።

ይሁን እንጂ «አበደ» የተባለ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም። ቁርጡ የሚታወቀው ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ነው። ይህ ምርመራ በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራል። ለዚህ ሥራ በዓለም ላቦራቶሪዎች ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ ከጥንቸል ደም የሚገኝ ፀረ እንግዳ አካል ነው።

የአሠራሩ መሠረት ከክትባት ጋር አንድ ነው። እንስሳ ባዕድ ነገር ወደ ሰውነቱ ሲገባ ያንኑ ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል በደሙ ያዘጋጃል። የእብደቱ ቫይረስ ዘሩን የሚጠቀልልበት ኑክሊዮፕሮቲን የተባለ ፕሮቲን አለው፤ ይህም በታመመው አንጎል ሕዋሳት ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል። ፕሮቲኑ ተጣርቶ ጥንቸሏ በየጊዜው ትወጋለች። ሕይወት ያለው ቫይረስ ስላልተሰጣት አታብድም። ከዚያም ደሟ ተቀድቶ ፀረ እንግዳ አካሉ ይለያል፤ ፍሉረሲን የሚባል አብሪ ቀለምም ይያያዝበታል።

ጥንቸሏ የምትሠራው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንዱ ፀረ እንግዳ አካል የፕሮቲኑን አንድ ጎን፣ ሌላው ሌላውን ጎን ይይዛል፤ ስለዚህ ባለሙያዎች ፖሊክሎናል ይሉታል። ጥቅሙ፣ ቫይረሱ ከቦታ ቦታ ጥቂት ቢለዋወጥም ከያዦቹ አንዱ ባይጨብጠው ሌላው ይጨብጠዋል። ጉድለቱ ደግሞ የአንዷ ጥንቸል ከሌላዋ መለየቱ ነው። በዚህ ምክንያት በሽታ እንዳለበትና እንደሌለበት አስቀድሞ የታወቀ አንጎል ሁልጊዜ ጎን ለጎን ይመረመራል።

መርማሪው ከአንጎል ግንድና ከትንሹ አንጎል ጥቂት ወስዶ በመስተዋት ላይ ይቀባል፤ በቀዝቃዛ አሴቶን ያደርቀዋል፤ ፀረ እንግዳ አካሉን ያፈስበትና ቆይቶ ያጥበዋል። ፕሮቲኑ ካለ የያዘው አይታጠብም፤ በልዩ ማይክሮስኮፕ ሲታይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ሆኖ ያበራል። ከሌለ ጨለማ ነው።

ችግሩ ብዙውን ጊዜ ያለው ከላቦራቶሪው በፊት ነው። የበሰበሰ አንጎል ፕሮቲኑ ይፈርሳል፤ እንዲህ ባለ አንጎል «የለበትም» የሚል ውጤት እምነት አይጣልበትም። የመንዝ ብርድ ይበቃል ብሎ ጭንቅላቱን በከረጢት ብቻ መስደድ ስሕተት ነው፤ መኪናው ጣርማ በርንና ደብረ ብርሃንን አልፎ አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ ይሞቃል። በበረዶ ታሽጎ ቢቻል በ2 ቀን ውስጥ ይድረስ። ፎርማሊን ለዚህ ምርመራ አይመችምና አይጨመርበት። ውሻው የሚገደል ከሆነ ጭንቅላቱ በዱላም በጥይትም አይመታ። ጭንቅላቱን የሚቆርጠው ሥልጠና ያለውና ራሱ የተከተበ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ብቻ ነው፤ ጓንትና የዓይን መከለያ ያደርጋል። በእብደት የተጠረጠረ በግ ወይም ላም ቢሞትም እንደዚሁ ነው፤ ሥጋው ለማንም አይከፋፈል።

የተነከሰ ሰው ግን ውጤት አይጠብቅም። ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ውሻው ጤነኛ መስሎ በሕይወት ካለ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ።

ውጤቱ «አለበት» ሆኖ ሲመጣ ማኅበሩ የአካባቢው ውሾች እንዲከተቡ ወረዳውን ይጠይቅ። ከመቶ 70 የሚሆኑት ከተከተቡ በሽታው የሚዛመትበት መንገድ ይቆረጣል። የተከተቡት የቤት ጠባቂዎቹ ብቻ ሆነው ጓሳ የሚወጡት የእረኛ ውሾች እንዳይቀሩ እናሳስባለን፤ ቀበሮውን የሚያገኙት እነርሱ ናቸውና።

ከእሽጉ ጋር በሚላከው ወረቀት ላይ ቀበሌው፣ የእንስሳው ዓይነት፣ የሞተበት ቀንና ሰዓት፣ የታየው ምልክት፣ ስንት ሰውና ስንት ከብት እንደነከሰ ይጻፍ። ወረቀቱ ደም እንዳይነካው በሌላ ፕላስቲክ ተደርጎ ከውጭ ይለጠፍ።