ቤት ገዝቶ ለማከራየት ለሚያስብ ጀማሪ ነጋዴ

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አዲስ ቅዳም የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የአካባቢው ገበሬ ዲከረንስ ተክሎ ከሰል እያከሰለ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ በከተማይቱ የገንዘብ እንቅስቃሴ ጨምሯል። ጥቂት ጥሪት የቋጠረ ነጋዴም አንድ ቤት ገዝቶ ወይም ሠርቶ ማከራየትን ያስባል። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቅድሚያ ክፍያው ከየት እንደሚወጣ አስቀድሞ ካልተመከረበት ቤቱ ሱቁን ይበላዋል።

ቦታ በሊዝ ለሚወስድ ሰው በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከመቶ 10 የማያንስ ቅድሚያ ክፍያ ደነገገ። ይኸው አዋጅ ባለሊዙ መብቱን በመያዣነት ሊሰጥ የሚችለው በከፈለው የሊዝ ገንዘብ ልክ መሆኑንም ገለጸ። ስለዚህ ከመቶ 10 ብቻ ከፍሎ ባዶውን ቦታ በማስያዝ የግንባታውን ወጪ በሙሉ ለመበደር ማሰብ ከንቱ ድካም ነው።

የተሠራ ቤት የሚገዛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቀብድ ይጀምራል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ ዕጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እንግዲህ የቀረው ገንዘብ በእጅ ሳይገባ ወይም የባንኩ ፈቃድ ሳይታወቅ ቀብድ መስጠት ገንዘብን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

የራስ ድርሻ መጠን ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በምሳሌ እንመልከት። ዋጋው 2,000,000 ብር የሆነ ቤት በወር 15,000 ብር፥ በዓመት 180,000 ብር ይከራያል እንበል፤ የብድሩም ወለድ በዓመት ከመቶ 16 ይሁን። ገዢው 600,000 ብር ብቻ ከራሱ ቢያወጣ የ1,400,000 ብር ዕዳ ወለድ በዓመት 224,000 ብር ይሆናል፤ ኪራዩ ወለዱን እንኳ አይሸፍንም። 1,200,000 ብር ቢያወጣ ግን ወለዱ 128,000 ብር ብቻ ነው። ከኪራዩ የተረፈው ለዋናው ዕዳ ሲከፈል ብድሩ በ9ኛው ዓመት ያልቃል። ይህም ግብርና እድሳት ሳይታሰብ ነው።

የጎደለውን ለመሙላት ወደ አራጣ አበዳሪ መሄድ አይገባም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የብድር ወለድ ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወስኗል። ከተከራይ ብዙ ወራት ኪራይ አስቀድሞ ለመቀበል የሚያስብም የ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያን በሁለት ወር ኪራይ እንደወሰነ ይወቅ። ከሁሉም ይልቅ የሚጎዳው ግን ለዕቃ መግዣ የተመደበውን ገንዘብ ለቤት ማዋል ነው። መደርደሪያው ባዶ የሆነበት ነጋዴ ደንበኛውን ለጎረቤቱ ያስረክባል።

የሚሻለው መንገድ በዕቁብና በባንክ ቁጠባ ቀስ በቀስ ማጠራቀም ነው። የዲከረንስ ሽያጭ ገንዘብ በየጥቂት ዓመቱ በአንድ ጊዜ ስለሚገኝ ለቅድሚያ ክፍያ ይመቻል። ሆኖም ገና ባልተቆረጠ ዛፍ ላይ ተማምኖ ዕዳ መግባት አይበጅም፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዛፉ ላይ የደረሰው በሽታ ለዚህ በቂ ትምህርት ነው።

በመጨረሻም ቤቱን ለባንክ የሚያስይዝ ሁሉ የአዋጅ ቁጥር 97/1990ን ፍሬ ነገር ያስተውል፤ ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ስለሆነም የራሱን ድርሻ አብዝቶ፥ የሱቁን መዋዕለ ንዋይ ሳይነካና የጥቂት ወራት ክፍያ በመጠባበቂያ አስቀምጦ የሚነሣ ነጋዴ ሱቁንም ቤቱንም ይዞ ይኖራል።