ታዳሚው ሁሉ የሚነፋበት ፌስቲቫል

ልጆቹን እስራኤል፣ እንግሊዝ ወይም አሜሪካ ያሳደገ ሰው ሪከርደርን ሳያውቀው አይቀርም። ልጁ ከትምህርት ቤት ይዞት የሚመጣው የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ እስራኤል ሐሊሊት ይሉታል። አንዷን ዜማ እየደጋገመ ቤተሰቡን ሲያሰለች ይከርምና በዓመቱ መሳቢያ ውስጥ ተጥሎ ይቀራል። ብዙ ሰው መሣሪያውን የሚያውቀው በዚህ ስለሆነ፣ ሽበት ያወጡ ሰዎች ቅዳሜና እሑዳቸውን ሰውተው፣ አንዳንዶቹም አገር አቋርጠው እሱኑ ሊነፉ ይሰበሰባሉ ቢባል ይስቃል።

ስብሰባው ግን አለ፤ ረጅም ዕድሜም አለው። የእንግሊዝ የሪከርደር ተጫዋቾች ማኅበር የተመሠረተው በ1937 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በየአካባቢው ቅርንጫፎች አሉት። አባላቱ ዓመቱን ሙሉ በየቅርንጫፋቸው እየተገናኙ ይጫወታሉ፤ በዓመት አንዴ ደግሞ አንዱ ቅርንጫፍ ተረኛ ይሆንና ሌሎቹን ለፌስቲቫል ወደ ከተማው ይጠራል። ባለሙያዎች የሚያቀርቡት ኮንሰርት ባይቀርም ዋናው ጉዳይ እሱ አይደለም። የመጣው ሰው ሁሉ መሣሪያውን ይዞ የመጣው ሊጫወት ነው። ትላንት የጀመረም አርባ ዓመት የነፋም እኩል ይመዘገባል። ችሎታው ቢጠየቅ እንኳ ከየትኛው ቡድን ጋር እንደሚቀመጥ ለማወቅ ነው እንጂ ከበር ለመመለስ አይደለም።

ይህ ነገር ለምን በሪከርደር እንደተቻለ ለመረዳት አፉን ማየት ይበቃል። ዋሽንት የሚነፋ ሰው ትንፋሹን በከንፈሩ አሹሎ የሸምበቆው ጠርዝ ላይ ማሳረፍ አለበት፤ ድምፅ ማውጣቱ ራሱ ልምምድ ይፈልጋል። የሪከርደር አፍ ውስጥ ግን ውታፍ ተሰክቷል። በውታፉና በቱቦው ግድግዳ መሀል የቀረችው ጠባብ መተላለፊያ ትንፋሹን ተቀብላ በቀጥታ ስለታሙ ጠርዝ ላይ ትጥለዋለች። ከንፈር ሥራ የለውም። ስለዚህ ማንም ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ድምፅ ያወጣል። ከፊት ሰባት ቀዳዳ፣ ከኋላ ለአውራ ጣት አንድ አለው። አውራ ጣት ቀዳዳዋን በጥፍሩ ጫፍ ገርበብ ሲያደርጋት ድምፁ ወደ ላይኛው እርከን ይዘላል፤ የጀማሪው መከራም እዚያች ቀዳዳ ላይ ይጀምራል።

ምቾቱ ዋጋ አስከፍሏል። ትንፋሹን ከንፈር ስለማይገራው፣ ሪከርደር በኃይል ሲነፉት ድምፁ ይቀጥናል፣ በቀስታ ሲነፉት ደግሞ ይወፍራል፤ ዜማው ሳይዛባ እንደ ልብ ማጉላትም ማሳነስም አይቻልም። የሙዚቃ ደራሲው ባኽ በ1721 ባበረከታቸው የብራንደንበርግ ኮንቸርቶዎች ሁለተኛውና አራተኛው ውስጥ ያሰለፈው መሣሪያ በዚያው ክፍለ ዘመን ከኦርኬስትራ የወጣው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። ድምፁን ከፍ ዝቅ ማድረግ የሚችለው ወደ ጎን ተይዞ የሚነፋው ፍሉት ቦታውን ወሰደበት።

በእኔ አስተያየት የፌስቲቫሉ ምሥጢር ያለው እዚሁ ጉድለት ውስጥ ነው። ሪከርደር የያዘ ጀማሪ ጎረቤቱን በጩኸት ሊውጠው አይችልም። ብዙ ሰው አብሮ ሲነፋ የአንዱ ስሕተት በሌሎቹ መሀል ይሟሟል። ችሎታቸው እንዲህ የተራራቀ ሰዎች ትራምፔት ይዘው አንድ አዳራሽ ውስጥ ቢቀመጡ ከምሳ በፊት ግማሾቹ ይበተኑ ነበር።

የተረሳውን መሣሪያ እንግሊዝ ውስጥ መልሶ ያነሣው ፈረንሳይ የተወለደው መሣሪያ ሠሪ አርኖልድ ዶልሜች ነው። በ1919 ከኮንሰርት ሲመለሱ የሰባት ዓመት ልጁ ካርል ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ላይ ቦርሳ ረስቶ ሄደ። ውስጡ በ1700ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ይሠራ የነበረው የፒተር ብሬሳን ሪከርደር ነበር። አባትየው ቀደም ብሎ ልኩን ወስዶ ስለነበር በዚያው ልክ አዲስ ሠራ። ቦርሳውን የረሳው ካርል ከ18 ዓመት በኋላ ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ሆነ። ሌላው መሥራች ኤድጋር ሀንት ሪከርደርን በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ለማስፋፋት የደከመ ሰው ነው፤ ቤታቸው በፉጨት የተናወጠ ወላጆች የሚወቅሱት ሰው ከፈለጉ እሱ አለላቸው።

አዳራሹ ውስጥ የሚታየው ሪከርደር አንድ ዓይነት አይደለም። ልጆች የሚማሩባት ሶፕራኖ ከትንንሾቹ ወገን ናት። በመጠን ከእሷ በላይ አልቶ፣ ቴነርና ባስ አሉ። ከእስክሪብቶ ብዙም የማትበልጠው ጋርክላይን በአንድ ጫፍ፣ ከሰው ቁመት ጋር የሚፎካከረው ኮንትራባስ በሌላው ጫፍ ናቸው። ፔትዞልድ የተባሉ ጀርመኖች ያወጡት ኮንትራባስ እንዲያውም አራት ማዕዘን ነው፤ ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ስለሆነ ሳያውቅ የገባ ሰው የቤት ዕቃ ሊመስለው ይችላል። ከሪከርደር ቤተሰብ ሁሉ መርጦ ይዞ መገኘት የዛሬ ዓመል አይደለም። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ1547 ሲሞት በንብረቱ መዝገብ ላይ 76 ሪከርደር ተቆጥሯል።

በጋራው ጨዋታ ሰዉ የሚቀመጠው በመሣሪያው መጠን ነው። ሶፕራኖዎቹ በአንድ ወገን፣ ባሶቹ በሌላው። ፈጣኑን ዜማ የሚችሉት ይይዙታል፤ ያልጠነከረው ረዘም ረዘም ያሉ ድምፆች ያሉበትን የውስጥ ክፍል ይወስዳል። ጠዋት ቀደም ብላችሁ ብትገቡ ሰዉ የሪከርደሩን ራስ ነቅሎ ብብቱ ሥር ወይም ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ ታገኙታላችሁ። የቀዘቀዘ ሪከርደር ድምፁ ይወርዳል፤ በዚያ ላይ የትንፋሹ እርጥበት ጠባቧ መተላለፊያ ውስጥ ወደ ውኃ ተለውጦ ድምፁን ያፍነዋል። ዘፈኑ መሀል የተዘጋበት ሰው ከስለቱ በላይ ያለችውን መስኮት በጣቱ ሸፍኖ እፍ ይልና ውኃውን ያስወጣል። ክፍሉ ሲሞቅ ደግሞ የሁሉም ድምፅ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ግን እኩል አይቀጥንም፤ የእንጨቱና የፕላስቲኩ፣ የትንሹና የትልቁ ፍጥነት ይለያያል። ጥሩ መሪ ፍጥነት ከማስተካከሉ በፊት አንዲት ረጅም ድምፅ አስነፍቶ ሰዉን እርስ በርስ ያደማምጠዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ካልተሳካ ውጭ ቆሞ ለሚሰማ ሰው አይመከርም። ሲሳካ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይመስላል፤ ባሶቹ መሀል ለተቀመጠ ሰው ደግሞ ወንበሩ ይርገበገባል።

የሚጫወቱት ከሱሳቶ ጭፈራዎች ይጀምራል፤ አሳታሚው ሱሳቶ በ1551 አንትወርፕ ያወጣቸው ናቸው። የቬኒሱ ደራሲ የጋብሪየሊ ሙዚቃም ይወደዳል፤ በተለያየ ቦታ የቆሙ ቡድኖች የሚቀባበሉት ስለሆነ ትልቅ አዳራሽ ይስማማዋል። አዳዲስ ድርሰቶችም አሉ። እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ቤንጃሚን ብሪተን ራሱ በከተማው በአልድበራ የአማተሮች ክበብ ውስጥ ሪከርደር ይነፋ ነበር። በ1955 ከጓደኞቹ ጋር ስዊዘርላንድ ዜርማት ለበረዶ ሸርተቴ በሄደበት ጊዜ አብራቸው የነበረችው ሠዓሊ ሜሪ ፖተር ገና በጠዋቱ ተጎድታ ከጨዋታው ወጣች፤ ብሪተን ለሦስት ሪከርደር የሚሆነውን አልፓይን ስዊት ጽፎ ለእሷ አበረከተላት። ሦስት ጓደኛሞች ለራሳቸው እንዲጫወቱት የተጻፈ ነው።

በአዳራሹ ዳር ነጋዴዎች ኖታና መሣሪያ ዘርግተው ይሸጣሉ። ከእንጨት የተሠራው ዋጋው ብዙ ነው፤ አዲስ ሲገዛም ይሰነጠቃል ተብሎ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይነፋል። ለመጀመር የሚያስብ ጎልማሳ ከሶፕራኖ ይልቅ የፕላስቲክ ቴነር ወይም አልቶ ቢገዛ ይሻለዋል፤ ጣቶቹም ይመቻቸዋል፣ ጎረቤትም አይማረርም። ሁለቱ ግን የተለያየ ንባብ ይፈልጋሉ፤ ቀዳዳው ሁሉ ሲደፈን ቴነሩ ዶ ሲሰጥ አልቶው ፋ ይሰጣል። ሁለቱንም የሚያነብ ሰው የጎደለ ክፍል ባለበት ሁሉ ይሞላል። ባስ የገዛ ደግሞ የትኛውም ቅርንጫፍ ቢሄድ ወንበር አያጣም።