ስለ ዶሮ ቅንቅንና ስለ ማጥፊያው

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ ብዙ ቤተሰብ ዶሮ ያረባል። ከእንቍላል የሚገኘው ገንዘብ ለጨው፣ ለሳሙናና ለልጆች ደብተር የሚውል ነውና፤ ይህን ገንዘብ ሳይታይ የሚበላውን ጠላት ማወቅ ይገባል። ጠላቱም ቅንቅን ነው።

ቅንቅን ቍመቱ 1 ሚሊ ሜትር የሚያህል፣ ስምንት እግር ያለው ተባይ ነው። ሲርበው አመድማ፣ ደም ሲጠግብ ቀይ ይሆናል። ቀን በቆጥ ስንጥቅ፣ በግድግዳ ቀዳዳና በእንቍላል መጣያው ጭድ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ የተኛችውን ዶሮ ደም ይመጥጣል። ስለዚህ ዶሮዪቱን በቀን የመረመረ ሰው ምንም ስለማያገኝ፤ ቤቱ ንጹሕ ይመስለዋል።

ቅንቅን የበዛባት ዶሮ ኩክኔዋ ይገረጣል፤ እንቍላሏ ያንሳል፤ ቆጥ ላይ መስፈርም ትጠላለች። የታቀፈች ዶሮ እንቍላሉን ጥላ ብትነሣ፤ ባለቤቷ ክፉ ዶሮ ናት ብሎ ያርዳታል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በእርሷ ሳይሆን በመጣያው ነው። ጫጩቶችም ደማቸው አልቆ ይሞታሉ። ነገሩን ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው በሌሊት መብራት ይዞ፤ የቆጡን ሥር በነጭ ጨርቅ ይጥረግ። ጨርቁ በደም ነጠብጣብ ቢቀላ ቅንቅን መኖሩ ታወቀ።

ማጥፊያው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዶሮዎቹን አስወጥቶ ኩሱንና ጭዱን ጠርጎ ከቤት አርቆ ማቃጠል፤ ሁለተኛ ቆጡን አውርዶ በየስንጥቁ የፈላ ውሃ ማፍሰስና ፀሐይ ላይ ማስጣት፤ ሦስተኛ የግድግዳውን ቀዳዳ በጭቃ ደፍኖ ኖራ መቀባት፤ አራተኛ ዶሮዎቹ የሚንከባለሉበት የደረቀ አፈርና የተነፋ አመድ ማዘጋጀት ነው። ቅንቅን ሙቀት ሲያገኝ በ7 ቀን ያህል ከእንቍላል ወጥቶ ለአቅመ መራባት ይደርሳልና፤ ይህ ሥራ በየሳምንቱ እስኪጠፋ ድረስ ይደገማል። አንድ ጊዜ አጥቦ መተው ሥሩን ትቶ ቅጠሉን እንደ ማጨድ ነው። ቤቱን ባዶ መተውም አይበቃም፤ ያለ ደም እስከ 8 ወር መቆየት ይችላልና።

የሱሉልታ ብርድ መራባቱን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ዶሮና ሰው አብረው በሚያድሩበት ቤትም የምድጃው ሙቀት ይረዳዋል። ሰውንም ነክሶ ያሳክካል። ስለዚህ ለዶሮ የተለየ ቤት መሥራት ይሻላል። አዲስ የተገዛችም ዶሮ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ።

ለእህል ተባይ የተሠራውን መርዝ በዶሮ ላይ መንፋት ግን ትልቅ ስሕተት ነው። መርዙ ዶሮዪቱን ሊገድል፣ በእንቍላሉም አልፎ ልጆችን ሊጎዳ ይችላል፤ ይህም የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለውን ያስታውሳል። መድኃኒት ያስፈለገ እንደ ሆነ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ይገባል። የእንስሳትን በሽታ የሚመረምረው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም በሰበታ ይገኛል።

መምህራን የነጩን ጨርቅ ምርመራ ለተማሪዎች ቢያሳዩ፣ ሽማግሌዎችም በየመንደሩ ቢመክሩ ጥቅሙ ብዙ ነው። ከሁሉ ይልቅ ዶሮ እንቍላል ከመታቀፏ በፊት መጣያዋ ይመርመር፤ ጭዷም ይለወጥ።